የጋሼ ጓጉንቸር

ኮሎምበስ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያው ላይ የሶላር ጣሪያ ስንሠራ አንድ ሕግ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ማንም ኤሌክትሪኩን እንዳይለቅበት፣ የጠፋው ዋና ስዊች ላይ የራሱን ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሲወርድም ራሱ ይከፍታል። የሰው ጓጉንቸር ንክች አይደረግም።

እኔ ግን የአበሻ ልጅ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ አባቴን የሚያህሉ ወሎዬ ናቸው፤ ከሰፈራችን ከሂልቶፕ በእኔ መኪና ነው የምንመጣው። ጉልበታቸውን እያመማቸው እስከ ስዊቹ ሲያነክሱ እያየሁ ዝም ልበል? «ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ ቆልፌ እከፍትልዎታለሁ» አልኳቸው። «ተባረክ» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሠራን።

የዚያን ቀን ከላንች በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ቶሎ በል እያለ ይጮህብኛል። ጋሼ በዚያ ሰዓት ሁሌ ከትራኩ ጀርባ ዙህር ይሰግዳሉ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። የእኔንም የእሳቸውንም ከፍቼ ስዊቹን አበራሁት።

ከላይ እንደ ጥይት ጮኸ። ጋሼ ከነመሰላሉ አስፋልቱ ላይ ተከሰከሱ። ለካ አንድ ሽቦ ላጥብቅ ብለው ተመልሰው ወጥተው ኖሯል! ጓንታቸው ከቀኝ እጃቸው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይጨሳል። «ያ አላህ! እጄን!» ይላሉ።

ሱፐርቫይዘሩ አንገቴን አነቀኝ። «የእሳቸውን ማን ከፈተው? ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» መልሱን ስለማውቀው በቡጢ አፉን አልኩት። እሱም አልተኛልኝም፤ አስፋልቱ ላይ ጥሎ በጉልበቱ ጎኔን ደቃኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ ተቧቀስን። ወይኔ ውርደቴ! ጋሼ አጠገባችን እያቃሰቱ፣ እኛ እንደ ውሻ።

አደጋውን የሚመረምሩት የሴፍቲ ሰዎች ሲጠይቁኝ ፈራሁ። «አላውቅም፤ ሳይቆልፉ ይሆናል የወጡት» አልኩ። ጥፋቱ የእሳቸው ነው ከተባለ ካሳ የለም፣ ሥራም የለም። ይህን እያወቅኩ ነው ያልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ጣታቸው ተቆርጧል። ያልኩት ደርሷቸዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በግራ እጃቸው በጥፊ አጮሉኝ። ጆሮዬ ጭው አለ።

«ቁልፌን አምጣ።»

ያን ሁሉ ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«አሁን ለሱፐርቫይዘሩ ደውል» አሉኝ። «ቁልፉ ማን ጋ ነበር ብሎ ጠይቆሃል አይደል? እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ መልስለት።»

ደወልኩ።