መጠጥ ለማቆም በተሰበሰብንበት ቤት የቀረበልኝ ጠላ

ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ፣ መጠጥ ለማቆም በተሰበሰብንበት ቤት፣ ጠላ ቀረበልኝ።

አረቄ የጀመርኩት በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬ ነው። አብሮ አደጌ አበጋዝ «አብሽር፣ መጠጥ የተውን ሰዎች ማኅበር አለን፤ በየተራ በየቤታችን እንገናኛለን» ብሎ ወሰደኝ።

ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኳትን ቆሜ ተናገርኩ። ያለቀሱም ነበሩ።

ተናግሬ ስቀመጥ አበጋዝ ጠላ በጆግ ይዞ መጣና ዋንጫ ሞልቶ ዘረጋልኝ። የተሰበሰብነው እሱ ቤት ነው፤ የዛሬው ተረኛ እሱ ነበር።

«ምነው አበጋዝ?» አልኩት።

«ማኅበር ጠርቼ ጠላ ባላቀርብ ሰው ምን ይለኛል? ለወጉ ያህል ቅመስ።»

ጉበቴ ወግ አያውቅም መሰለኝ።

እሱን ከመውቀሴ በፊት ግን እጄ ዋንጫውን ተቀብሎ ነበር። ሳልቀምሰው አስቀምጬ ወጣሁ።

ከእናንተ ወዳጁ እንዲህ ያደረገው ካለ ይጻፍልኝ፤ እጁን እንዴት እንደመለሰው ጭምር።