ያንን የፋሻ ፎቶ አታጋሩት

አላምንም። አሁንም አላመንኩም።

ትራሙን ለተረኛው ሾፌር አስረክቤ ለእረፍት ስወርድ ስልኬን ከፈትኩ፣ የቪታስ ፎቶ። የድሮ ጨዋታ እያስታወሱ መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ከሥሩ ሻማ አየሁ። ደግሜ አነበብኩት፣ ያው ነው።

እኛ ዘንድ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ፣ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ለእኔ የነገረኝ አብረን የተጫወትንበት ክለብ ነው፣ በገጹ ላይ፣ በቲኬት ማስታወቂያና በአዲሱ ማልያ ሽያጭ መሃል።

ለማታውቁት፦ ቪታስ ሊትዌኒያዊ ነው፣ መሃል ተከላካይ። አገሩ ኳስ ሲባል ቅርጫት ኳስ ነው፤ ቁመቱን ያየ ሁሉ ወደዚያ ሲገፋው እምቢ ብሎ ታኬታውን ይዞ ወጣ። ፖላንድ ተጫወተ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈ፣ ከዚያ እዚህ ጄኔቭ መጣ። እኔ አማካይ ነበርኩ፣ እሱ ከኋላዬ። ዝነኛ አልነበረም። ተከላካይን ሰው የሚያስታውሰው ሲሳሳት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ አይሳሳትም።

እማዬ ከሰፈራችን ከቬርኒየ አውቶብስ ይዛ ሜዳ ትመጣ ነበር። በወደቅኩ ቁጥር «አይዞህ!» ትላለች፣ ስታዲየሙ እስኪሰማ። አንድ ቀን ልብስ ስንቀይር ቪታስ «አይዞህ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። በፈረንሳይኛ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁለት። ከኋላህ ነኝ እንደማለት ነው አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ታዲያ ይሄ የተከላካይ ሥራ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ኳስ ይዤ ጨነቅ ሲለኝ «አይዞህ!» የሚል ወፍራም ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል። ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ተጋጣሚዎቻችን የሚስጥር ታክቲክ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ፎቶው።

ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሟል፣ ደሙ በፋሻው ላይ ወጥቷል፣ ከሥሩ «ተዋጊያችን» ብለው ጽፈዋል። ዙሪክ ላይ የተነሳ ነው። እዚያ ነበርኩ።

ማዕዘን ምት ነበር። ቪታስ ለቴስታ ዘለለ፣ ከአጥቂያቸው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩና ወደቀ። ሮጬ ሄድኩና «አይዞህ» አልኩት። ቃሉን ሰምቶት እንደማያውቅ ሰው አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የምናገባው በየትኛው በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለወጌሻው ነገርኩት። ወጌሻው ይቀየር ብሎ እጁን አነሳ። አሰልጣኙ ግን «ተዋጊ ነው፣ እሰሩለት» አለ። አሰሩለትና መልሰው አስገቡት። በዚያ ጭንቅላቱ ሌላ ኳስ ገጨ፣ ደጋፊውም ተነስቶ አጨበጨበ።

ወደ ጄኔቭ ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ሲያስመልሰው መጣ። መንገዱ ነው አሉ። የስዊስ መንገድ ሰው ያስመልሳል እንዴ?

ከዚያ ይጥለው ጀመር። ሐኪሞቹ ከዚያ ጉዳት የመጣ ነው አሉ። ክለቡ ኮንትራቱን አላደሰለትም፣ ጤናው አያስተማምንም ብሎ። እሰሩለት ያሉት ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት!

ከዚያ በኋላ ኑሮው ሊኞን ሰፈር አፓርታማው ውስጥ ሆነ፣ ብርሃን ስለሚያመው የመስኮቱን መጋረጃ አውርዶ። ሲሻለው እሁድ እሁድ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ የእኛ የሐበሻ ልጆች ልምምድ ላይ ይመጣል። ጎሉ ጀርባ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ልጅ ቴስታ ሲሞክር ካየ ግን ያ ዝምተኛ ሰውዬ ይነሳና «በእግር!» ብሎ ይቆጣል። ከክለቡ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ እንዴት ነህ ሲለው አላየሁም።

ትናንት ከሰዓት ጣለው፣ አልተነሳም። ባለቤቱ ራሳ ሥራ ላይ ነበረች።

ዛሬ ደወልኩላት። ከእኔ ይልቅ እሷ የተረጋጋች ነበረች። ፎቶውን እንዲያወርዱት ክለቡን ለምናቸው ነበር። ደጋፊው በጣም ወዶታል ብለው መለሱላት።

ይሄ ነው ያናደደኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነዚህ ግን ጅቡ ራሳቸው ሆነው ነው የሚጮኹት። ሰውየውን ያጠፉበትን ቀን ፎቶ አድርገው ሐዘን ይሉታል።

እናንተስ? ከጠዋት ጀምሮ ያንን ፎቶ እያጋራችሁ «አንበሳ»፣ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» የምትሉ የራሴ ሰዎች ናችሁ። ስለማታውቁ ነው፣ ይሁን። አሁን አወቃችሁ። አንበሳ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አያስሩትም ነበር፣ ይፈሩት ነበር። የታመመ ሰው ነበር፣ ማረፍ ነበረበት፣ የከለከሉት እነሱ ናቸው።

አውርዱት። ይሄኛውን አጋሩ፣ ራሳ ናት የመረጠችው። ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዶ የሚስቀው እኔ ባዶ ጎል ስስት አይቶ ነው። ቪታስ ይሄ ነው።

ቪታስ፣ ወንድሜ። ዙሪክ ላይ አይዞህ ስልህ አልሰማኸኝም። እኔም ለወጌሻው አንድ ጊዜ ተናግሬ ዳር ወጣሁ፣ አሁን ግን አልወጣም። ያ ፎቶ እስኪወርድ በየቀኑ ለክለቡ እጽፍላቸዋለሁ፣ አልሰማ ካሉ በራቸው ላይ እቆማለሁ።

አንተ እረፍ። ዞረህ ማየት አያስፈልግህም።

አይዞህ።