የማይመቱት ሰው

ብርነሽ ካራቴ ልማር ብላ ስትነሳ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትኖርበት ሄይዋርድ ከተማ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ከኋላዋ ገፍትሯት ስልኳን ይዞ ሮጠ። ስምንት ደረጃ ተንከባልላ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ በሦስት ወር ገጠመ፤ የሸሸ ልቧ ግን አልመለስ አለ። ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ስትሰማ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያልፍ ትቆማለች። መኪናዋን ቆልፋ፣ መቆለፉን ትጠራጠርና ደግማ ትቆልፋለች። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጇ ሐኒ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች አሥር ጊዜ ትደውላለች። በቤተ ክርስቲያን እጅ ጭነው ጸልየውላታል። በጸሎቱ ሰዓት እንኳ ዓይኗን ጨፍና መቆየት አልቻለችም።

ከጋሽ ጥሩነህ ጋር ያገናኟት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ጥሩነህ ከአውሮፕላን ጣቢያ መንገደኛ ሲያመላልሱ ይውሉና፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን በተከራዩት አዳራሽ ካራቴ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የጀመሩት ነገር ነው። አሁን ስልሳ ስምንት ሞልቷቸው ሲቆሙ የተተከለ ችካል ይመስላሉ።

«ምን ልትማሪ መጣሽ?» አሏት።

«መምታት።»

«ማንን?»

የገፈተራትን ሰው ፊቱን እንኳ አላየችውም።

ሁለት ወር ሙሉ መቆም፣ መተንፈስና መውደቅ ብቻ አስተማሯት። በመጨረሻ ብርነሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ መውደቁንማ እኮ ያለ አስተማሪም ችዬበታለሁ።»

«ችለሽበት ቢሆን አጥንትሽ አይሰበርም ነበር» አሏት፣ ሳይስቁ። «ነይ፣ እንደገና።»

ቀጥሎ ከያዘ እጅ ማምለጥን አስተማሯት። መጀመሪያ የእጇን አንጓ ሲይዟት ጮኻ ፊታቸውን ቧጨረች። እሳቸው ግን አልለቀቋትም።

«እዪ፤ የያዘሽ እጅ በአውራ ጣቱ በኩል ነው የሚላላው። ወደዚያ ዙሪ። መጀመሪያ ግን ተንፍሺ። ሳትተነፍሺ ያደረግሽውን ነገር አንቺ አላደረግሽውም፤ ፍርሃትሽ ነው ያደረገው።»

ዓመት አለፈ። ብርነሽ ከሄይዋርድ አጠገብ ባለችው ካስትሮ ቫሊ ውስጥ አዛውንት በሚጦሩበት አንድ ቤት ረዳት ነርስ ናት። ከምትንከባከባቸው አንዱ ሚስተር ኤልመር ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭኑ የኖሩ፣ አሁን የመርሳት በሽታ የያዛቸው ግዙፍ ሽማግሌ። አንድ ሐሙስ ጠዋት አጎንብሳ ካልሲ ስታደርግላቸው፣ ሳታስበው አንገቷን በአንድ እጃቸው አነቋት።

ዓይኗ ጨለመ። ቀኝ እጇ ተጨብጦ ወደ ወገቧ ተሰበሰበ። ለመምታት የቀራት ጡጫውን መወርወር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየች። ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ፊት ነበር። እንደምንም ትንፋሿን ወደ ሆዷ አወረደች፤ እጇን ከፈተች፤ አንጓቸውን ይዛ ወደ አውራ ጣታቸው ዞረች። ሲለቋት ወደ አልጋው ዝቅ አደረገቻቸው።

«ሚስተር ኤልመር፣ እኔ ነኝ። ካልሲ እያደረግን ነበር።»

ሽማግሌው አለቀሱ። ወዲያው ለአለቃዋ ሪፖርት አደረገች፤ ያ ግን አላዳናትም። የሚስተር ኤልመር ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበርና ከሰዓት በኋላ አንጓቸው በለዘ። ልጃቸው መጥቶ ያንን አየና መትታቸዋለች ብሎ አመለከተ። ብርነሽ ካራቴ እንደምትሠራ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ምርመራው እስኪያልቅ ሰስፔንድ ተደርጋ ከሥራ ታገደች።

ቤት ስትገባ ሐኒ አንገቷን አየችና የያዘችውን ቦርሳ ጣለች።

«ማሚ፣ ዶንት ሙቭ፤ እንዳትንቀሳቀሺ» ብላ በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። አምስቱም ጣቶች አንገቷ ላይ ታትመዋል።

ዘጠኝ ቀን ጠበቀች። የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል እያለች ምግብ አልወርድ አላት። ልምምዱንም አቆመች፤ ካራቴ መሥራቷ ራሱ ወንጀል መስሎ ታያት። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ጥሩነህ ደወሉ።

«ጠፋሽ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ለሐኒ እንኳ ያልተነፈሰችውን ጭምር።

«ጡጫዬን ጨብጬ ነበር፣ ጋሽ ጥሩነህ። ልመታቸው ነበር። የታመመ ሽማግሌ!»

«ከዚያስ?»

«ከፈትኩት።»

«በይ ሲጠይቁሽ እንዲሁ ንገሪያቸው። የጨበጥሽውንም።»

«እሱን ካልኩማ አለቀልኝ!»

«ሊያልቅልሽ ይችላል» አሏት። «እኔ ምን አውቃለሁ? ተቸግረሽ የተማርሽውን ግን በውሸት አታበላሺው።»

ማጽናኛ ፈልጋ ነበር፤ ስልኩን ተናዳ ዘጋችው። መርማሪዋ ፊት ስትቀመጥ ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሆነውን በሙሉ ተናገረች፣ ጡጫውንም ጭምር። የሚስተር ኤልመር ልጅ በጠረጴዛው ወዲያኛ ጫፍ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ታዲያ ለምን አልመታሽም?» አለች መርማሪዋ።

«ከእኔ የባሰ ፈርተው ነበር» አለች ብርነሽ።

የሐኒን ፎቶና የሽማግሌውን አንጓ ያየው ሐኪም የጻፈውን አስተያዩ፤ ብልዘቱ የምት ሳይሆን የመላቀቅ ነው ተባለ። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጅየው ግን አባቴን እሷ እንዳትነካ ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ብርነሽ በሽማግሌው ክፍል በር ባለፈች ቁጥር እያለቀሱ ይሆን እያለች ጆሮዋን ትጥላለች፤ ገብታ ግን አታውቅም።

በጥር ወር አለቃዋ ጠርታ፣ አዲስ ለተቀጠሩት ሠራተኞች ሰው ሳይጎዱ መላቀቅን አሳዪልን አለቻት። ስድስት ሰዎች ግማሽ ክብ ሠርተው ጠበቋት። ትንፋሿን ወደ ሆዷ አወረደች። ከሁሉም ግዙፍ የሆነውን፣ ሀምዛ የሚባለውን መረጠችና እጇን ዘረጋችለት።

«ያዘኝ» አለችው፣ «ጠበቅ አድርገህ።»