ያየሁት ጀርባውን ነው

ጣሊያን የሾመው የወረዳችን ገዥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በተተኮሰበት እሑድ እኔ ከታች ምንጩ ዳር ነበርሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ዱር ከገባ ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር ውሃም የምቀዳው ሰው በሌለበት ሰዓት ነበር። ተኩስ ሰማሁ፤ ቀና ስል ጥቁር በርኖስ የለበሰ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ወደ ገደሉ ሲወርድ ከጀርባው አየሁ። ያየሁት ይኸው ነው።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ገዳዩ እስኪታወቅ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ወደ እርሻው የሚሄድ የለም።

«ሲሾም አላማከሩን፣ ሲሞት ምስክሮቹ እኛ» አለ ከኋላዬ አንድ ገበሬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ እያስማሉ እኔ ዘንድ ደረሱ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን አየሽ?»

«ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው፣ አባቴ።»

ጥቁር በርኖስ የነበረው ጎረቤቴ ብቻ ነው። ነገር ግን ሙግት ያለበትም፣ ለሽምግልና የሚሄድም ይዋሰው ነበር፤ ባሌም ሲያገባኝ የለበሰው እሱኑ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ተውሶት ይሆናል ማለት ግን ተዋሹን መጥራት ነውና ሁሉም ዝም አለ። እኔም የወረደው ባሌ ይሆን ብዬ ስለፈራሁ አፌን ያዝሁ።

ጎረቤቴ ተነሣ። «በርኖሱ የእኔ ነው።»

«ለማን አዋስኸው?»

ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አምስት ሰዎች ሲወርድ ፊቱን አየን፣ እሱ ነው ብለው ማሉ። ፊደል የቆጠርሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የአምስቱንም ቃል ጽፌ፣ ቆመንበት ነበር ያሉትን ቦታ በእግሬ ዞርሁት። ከአንዱም ቦታ የገደሉ መንገድ አይታይም። ዋሹ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያወሩት ውለው ያዩት መስሏቸው ይሆናል።

ጎረቤቴን ደብረ ማርቆስ ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ሚስቱ ለብዙ ሳምንታት እኔን ስታይ ከምንጩ ራቅ ብላ ትቆም ነበር። አንድ ጠዋት እንስራዬን ሞልቼ የሚያሸክመኝ ሰው ስጠብቅ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ፊቱን አይተሽዋል?» አለችኝ።

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አላልሽም?»

«አልጠየቁኝም።»

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ስትሄድ ጠብቄ፣ ውሃውን እስከ እኩሌታው አፍስሼ እንስራውን ብቻዬን አዘልሁት።