በሩ ለምን አይገጥምም?

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ታርዊያ ፈሪ መሆኗን ራሷም አትክድም። በባንጃርነጋራ ተራሮች ወገብ ላይ ባለች መንደር አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ስታስተምር፣ ርዕሰ መምህሩን ፓክ ዳርሶኖን (በአገሩ ወንድ በአክብሮት «ፓክ»፣ ሴት ደግሞ «ቡ» ተብለው ይጠራሉ) ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። የቋሚነት ደብዳቤዋ ያለ እሳቸው ፊርማ አያልፍማ።

በመልመጃ ወረቀት ግን አትታማም። ባዶ ቦታ ሙላ፣ መልሱን ከጀርባ ገልብጥ የሚሉትን ስለማትወድ የራሷን እያዘጋጀች ታባዛለች። በዚያ የዝናብ ወር ለአምስተኛ ክፍል ያዘጋጀችው እንዲህ ይላል፦ «በክፍላችን ማንም ልብ ያላለውን ነገር ፈልጉ። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ለክታችሁ አረጋግጡ።» ፓክ ዳርሶኖ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው የመልሱ ገጽ የታለ አሏት። የለውም ማለት ፈርታ፣ እየተሠራ ነው አለች።

ኪናሲህ የምትባል ዝምተኛ ልጅ፣ የክፍሉ በር ለምን እንደማይገጥም ጠየቀች። ታርዊያ እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው ብላ ልታልፈው ነበር። ልጅቱ ግን በበሩና በመቃኑ መሃል ያለውን ክፍተት በየጠዋቱ በማስመሪያ ለካች። ሰኞ አራት ሚሊሜትር፣ ሐሙስ አሥራ አንድ። ከሥሩ «እንጨት ቢያብጥ ኖሮ ክፍተቱ ይጠብ ነበር» ብላ ጻፈች።

ታርዊያ ይህን ስታነብ ገባት፤ የሚንቀሳቀሰው በሩ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ከክፍሉ ጀርባ ተራራው ነው፤ ጎረቤት ሰፈር በናዳ ሲቀበር ደግሞ በዓይኗ አይታለች። ሃያ ሦስቱን ልጆች አስነስታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የመስጊድ በረንዳ ወሰደቻቸው።

ፓክ ዳርሶኖ አልጮሁባትም። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«ቡ ታርዊያ፣ ሰው አታሸብሪብኝ። እስከ ሳምንት ግድግዳው ካልወደቀ፣ ደብዳቤሽን እርሺው።»

ያን ሳምንት በረንዳው ላይ አስተማረች። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ታያለች፤ ቆሟል። አንድ ቀን «ምነው በወደቀ» ስትል ራሷን ሰማች። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ይልቅ ራሷን ፈራች።

ሐሙስ ደረሰ፤ ግድግዳው አልወደቀም። ፓክ ዳርሶኖ ወደ በረንዳው መጥተው ልጆቹ ተሰልፈው ወደ ክፍላቸው እንዲገቡ አዘዙ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ባንድ ድምፅ «እሺ ፓክ» ብለው ተነሱ። ታርዊያ አይሆንም ልትል አሰበች፣ ግን ደብዳቤዋን አስታውሳ የልጆቹን ደብተር መሰብሰብ ጀመረች።

ኪናሲህ እጇን አወጣች።

«ፓክ፣ እርስዎ ቀድመው ገብተው እስከ ምሳ ሰዓት አብረውን ይቀመጣሉ?»

በዚያ መንደር ልጅ ታላቁን እንዲህ አይጠይቅም። ታርዊያ ልጅቱን አስመታኋት ብላ ቀረብ አለቻት። ፓክ ዳርሶኖ ግን የክፍሉን በር ከማዶ ሆነው ብዙ አዩት። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር።

«ወንበሬን ከቢሮ አምጡልኝ፤ እዚሁ እሆናለሁ» አሉ።

ቢሯቸውና ክፍሉ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ወንበሩን ሊያመጣ የሄደ አንድም ልጅ የለም፤ ሁሉም ተመልሰው ቁጭ አሉ። እሳቸውም ደግመው አላዘዙም፤ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ መሃል ተቀመጡ።