አስር ደቂቃ የጎደለው ፊልም

ከኮምቦልቻ ሽቅብ በሆነችው ከተማችን ፒያሳ ያለችው ሱቄ የሪሞት፣ የዲሽ ገመድ፣ የቻርጀርና የፍላሽ ሱቅ ናት። ፊልምም እንጭናለን። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ገበያተኛ ቢመጣ የሚያስተናግደው የለም፤ ባለቤቱ ክርክር ላይ ነው።

ቋሚዎቹ ተከራካሪዎች ሦስት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከሚኒባስ እንደወረደች ጋወኗን በፌስታል አንጠልጥላ ትገባለች፤ አዲስ የወጣ ፊልም ሳታይ ከመጣች ታማለች ማለት ነው። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ጨርሰው አሁን ገራዶ የተቀመጡ። ለእሳቸው ከድሮ የህንድ ፊልም ወዲህ የተሠራው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

"የአሁኑ ፊልም" ይላሉ ሾፌሩ፣ "ሰውየው ከበር ሲገባ ሦስት ጊዜ ያሳይሃል። አንድ ጊዜ ቢገባ አይበቃውም?"

"የድሮውስ ጋሼ?" ትላለች ነርሷ። "ደረቱን በጥይት ተመትቶ ሙሉ ዘፈን ይዘፍናል። እኔ እንደዚያ ዓይነት በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም።"

"ሳንባውን አልመቱትማ።"

የአማርኛውም አይቀርለትም። ሁሉም ሰው ቪላ ቤት ይኖራል፣ ሥራ የሚሄድ ግን የለም እንላለን፤ በዚህ ሦስታችንም እንስማማለን። እኔ ፊልም የምመዝንበት የራሴ ሚዛን አለኝ። ሰው ፍላሹን መልሶ ሲያመጣ "ሁሉንም ደምስሰው" ካለኝ ፊልሙ ሞቷል። "እሷን ተዋት፣ ሌላውን አጥፋው" ካለኝ ግን ያቺ ፊልም ትኖራለች።

የክርክራችን ሁሉ እናት ግን አንድ ፊልም ነው። በእሱ ጉዳይ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከሥሩ ልናገር።

ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ቤት የምለው ለክብሩ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ዴኩም ይግልና ካሴት ይበላል። አንድ ቀን የአንድ የህንድ ፊልም መጨረሻውን በላው። ክሩን በእርሳስ እያዞርኩ አወጣሁት፣ የተጨማደደውን በምላጭ ቆረጥኩ፣ የቀረውን በጥፍር ቀለም አጣበቅሁት። አስር ደቂቃ ያህል ጎደለ።

ፊልሙ ስለ አንድ ልብስ አጣቢ ነው። የዳኛ ሴት ልጅ ይወዳል፣ አባትየው ይከለክለዋል። ልጁ ከተማውን ጥሎ ሊሄድ ባቡር ጣቢያ ይቀመጣል። ዝናብ ይዘንባል። ባቡሩ ይመጣል፣ እሱ ግን ከወንበሩ አይነሳም፤ ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል። ምላጬ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ሰዉ ይጮህብኛል ብዬ በሩን ተደግፌ "አለቀ" አልኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሾፌር ተነሱ፣ እሳቸው ናቸው። "ይሄ ነው ፊልም" አሉ። "ሌላው ሁሉ በሰርግ ያልቃል። ይሄ ግን አልዋሸኝም።" በነጋታው ሁለት ሾፌሮች አስከትለው መጡ።

ለምን እንዲህ እንደያዛቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። በወጣትነታቸው ሽማግሌ ልከው ተመልሶባቸዋል። የኋላ ኋላ ሌላ አግብተው፣ ወልደው፣ ደህና ኖረዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚያዩት ፊልም ሁሉ ለተከለከለ ልጅ ሴቲቱን ፈልጎ ያመጣለት ነበር፤ የእኔ ምላጭ ብቻ ነው ያላመጣለት።

እኔ ምን ልበል? መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ገና ሙሉ ሳለ አይቼዋለሁ። አባትየው በመጨረሻ ጃንጥላ ይዞ ጣቢያ ይመጣል፣ ልጅቷ ከኋላው አለች፣ ከዚያ መቶ ሰው የሚጨፍርበት ሰርግ ይሆናል። ይህን ላለመናገር ሃያ ዓመት ሙሉ "ፊልሙ መጨረሻ የለውም" እያልኩ ስከራከር ኖርኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ነርሷ ስልኳ ላይ ስትፈልገው ርዕሱን ጠየቀችኝ፣ ረሳሁት አልኳት። ይሄኛው ውሸት ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለን ከሱቄ ጎን መጋረጃ የሚሰፋው ጎረቤቴ የሾፌሩን ልጅ ወደደ። ሠላሳ ያለፈው፣ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። እሷ አስተማሪ ናት፤ መጋረጃ ልታሰፋ መጥታ መስኮቱ ሦስት ጊዜ ተለካ። እሷም ትፈልገዋለች። የቀረው የአባትየው ቃል ነው፤ እሳቸው እንቢ ካሉ እሷ አባቷን አልፋ የምትሄድ ልጅ አይደለችም። ልጁ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። "ካንተ በላይ የሚቀርባቸው የለም" አለ።

ሦስት ሆነን ገራዶ ወረድን፤ የሰፈራችን ሸኽ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ እና እኔ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ጎደሎ ይመስላል። መንገድ ላይ ሸኹ ደንቡን አስታወሱን። ካልተፈቀደልን አንቀመጥም። መልስ ሳናገኝ አንቀምስም። ዋናው ደግሞ፣ ልጁ ከዚህ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ቤት ሽማግሌ ልኮ ተመልሶበታል፤ ይህ አይነሳም። የተመለሰበትን ሰው ሌላ ቤት ስትወስደው፣ ተመልሶበታል ብለህ አትናገርም። ደንብ ነው።

ቆመን ጠበቅን፣ ተፈቀደልን፣ ተቀመጥን። ሸኹ ቢስሚላህ ብለው ጉዳዩን አሳምረው አቀረቡ። ሾፌሩ ስለ ሥራው፣ ስለ ሶላቱ፣ ስለ እናቱ ጠየቁ፤ መለስን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ትመሰክርለታለህ?"

"እመሰክራለሁ ጋሼ።"

"እንዲያው ለወጉ ልጠይቅህና፣ ያ ፊልማችን መጨረሻው እንዴት ነው?"

ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ልትገዛ የገባህበትን ቤት ጣሪያውን ታደንቃለህ። "ሳስበው ሳስበው" አልኩ፣ "እርስዎ እንዳሉት ነው። እንደዚያ ያለ ግሩም መጨረሻ አይቼ አላውቅም።"

ሾፌሩ ሙስባሃቸውን መቁጠር አቆሙ።

"ሃያ ዓመት ያልታየህ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ታየህ?"

"ሰው ይማራል ጋሼ።"

"ይማራል። አንተ ግን ባለፈው ቅዳሜ አልተማርክም ነበር።" ወደ ሸኹ ዞሩ። "ይህ ሰው ልጄን ለማግኘት ሲል በፊልም ዋሸኝ። ስለ ልጁ የነገረኝ ስንቱ እንደዚሁ ነው? በሳምንቱ ተመለሱ።"

በሳምንቱ ተመለሱ ማለት በራሱ ክፉ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። የተነገረበት ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ስንወጣ ልጅቷን በር ላይ አየኋት፣ ዓይኗን አላነሳችም።

ባጃጁ ውስጥ ገባን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው የጀመሩት። "እኔ የማላውቀው ፊልም ነው ልጁን ያስከለከለው?"

ሸኹ ፊልም አይተው አያውቁም። ጉዳዩን ከስር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው፣ ስለ ምላጩም ሳይቀር። ለማስታረቅ ሲሉ መዋሸት ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ ብዬ ልከላከል ሞከርኩ።

"ለማስታረቅ ነው የተፈቀደው" አሉ ሸኹ። "ፊልም ለማሞገስ አይደለም።"

በዚያ ሳምንት ጎረቤቴ ሁለት መጋረጃ አበላሸ፤ አንዱን ገልብጦ ሰፋው። እኔን ምንም አላለኝም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ነርሷ ብቻ መጣች። ያመጣችውን አዲስ ፊልም ሳትከፍት ነገሩን ሁሉ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ርዕሱን እንደማውቅም ጭምር።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልግ!" አለች።

"ይቅርታ እህቴ።"

"እኔን ተወኝ። ጋሼ የሚከራከራቸው ሰው ጠልተው አያውቁም፣ እኔ ምስክር ነኝ። የሚያጎነብስላቸውን ነው የማይችሉት። ሂድና እውነቱን ንገራቸው።"

"እውነቱን ካወቁ ያ ፊልም ይሞትባቸዋል። በዚያ ላይ ልጅቷንም ይከለክሉናል።"

"አሁንስ ሰጥተዋችኋል?"



በሳምንቱ ተመልሰን ቆምን፣ ተፈቀደልን፣ ተቀመጥን። ሸኹ ከመጀመራቸው በፊት እንድናገር እንዲፈቅዱልኝ ለመንኩ። ተናገርኩ። ዴኩን፣ እርሳሱን፣ ምላጩን፣ የጥፍር ቀለሙን። ያ ፊልም ያለቀው ባቡር ጣቢያ እንዳልሆነ፣ ያስቆመው ህንዱ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ።

ሾፌሩ መሬት መሬት አዩ። ከጓዳ የሚሰማው የዕቃ ድምፅም ቆመ።

"ስንት ደቂቃ?" አሉ በመጨረሻ።

"አስር። ቢበዛ አስራ ሁለት።"

"ምን ነበረበት?"

"ጋሼ፣ ይቅርብዎት።"

"ሃያ ዓመት የደበቅከኝን ነው የምጠይቅህ። ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ልጁ ብቻውን እንደቀረ፣ ጣቢያው መብራቱን እንዳጠፋ፣ ከሩቅ አንድ ጃንጥላ እንደታየ። ሳላስበው እጄን እያወናጨፍኩ ኖሯል። አባትየው ዘንድ ስደርስ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አልኩ።

"ከዚያስ?" አሉ ሸኹ። "ሰጠው?"

"ሰጠው፣ ሸኹ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና በእፎይታ ወደ ኋላ ተደገፉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሾፌሩ ግን አልተደሰቱም። "እንዲህ ከሆነማ" አሉ ቆይተው፣ "ተራ ፊልም ነው።"

"ተራ ነው ጋሼ።"

"አንተ የቆረጥከው ይሻላል።"

"ይሻላል። ሳልፈልግ ነው እንጂ።"

ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው ብዬ አልደፈርኩም። ከዚያ ቀና ብለው ቀጥ ብለው አዩኝ።

"ስለ ልጁስ የቆረጥከው አለ?"

ሸኹን አየኋቸው። ደንቡን ያስታወሱን እሳቸው ናቸው። ሸኹ ጣሪያውን ያያሉ። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ቆሜያለሁ፤ ዝም ማለት የሚያዋጣበትን ሰዓት አውቃለሁ። ይሄ እሱ አልነበረም።

"አለ" አልኩ። "ኮምቦልቻ አንድ ቤት ሽማግሌ ልኮ ተመልሶበታል።"

"ለምን?"

"እናቱን ትቶ ሌላ ቤት አልገባም ስላለ። እናቱ ዓይናቸው ደክሟል። ልጅቷን ከሰጣችሁን እኛ ዘንድ ነው የምትመጣው።"

 ሙስባሃው አንድ ዙር ሄደ። የልጁ ነገር አለቀለት ብዬ ወደ ጫማዬ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው በዝግታ ተጣሩ፤ ልጅቷ መጋረጃው ጋ ብቅ አለች።

"ይህን ሰምተሻል?"

"ነግሮኛል አባዬ። መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው።"

"እናትሽስ?"

"ለእማዬም ነግሬያታለሁ።"

ሾፌሩ እኛን ተራ በተራ አዩን። "እንግዲህ እዚህ ቤት" አሉ፣ "ተቆርጦ የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።"

ሸኹ አሁንም ጣሪያውን ያያሉ። 

"ኮምቦልቻ ያለው አባት ለዚህ ብሎ ከመለሰው፣ ሰው አያውቅም" አሉ። "እናቱን የማይጥል፣ ልጄንም አይጥል።" ልጅቷን አዩ። "ትፈልጊዋለሽ?"

መልሷን አልሰማሁትም፣ ወደ ታች ነው የተናገረችው። እሳቸው ግን ሰምተዋል፤ ሙስባሃውን ኪሳቸው ከተቱና ለሸኹ እጃቸውን ዘረጉ። "ዱዓ አድርጉልን።"

ሸኹ ዱዓ አደረጉ፣ እኛ አሚን አልን፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አሜን አሉ። ከጓዳ እልልታ መጣ። ለእኛ የበግ ወጥ ቀረበ፣ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለብቻቸው ሽሮ፤ እናትየው ቀድመው አዘጋጅተውት ኖሯል፣ የቤቱን መልስ ከባላቸው በፊት ያወቁ እሳቸው ናቸው። ሸኹ ሁለት ጊዜ እንደጎረሱ፣ ያ ጃንጥላ የያዘው አባት በኋላ ከልጁ ጋር ተስማምቶ ኖረ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፊልሙ ያን አያሳይም ስላቸው ቅር አላቸው።

ሾፌሩ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለእኔ ዘረጉ። ሊያጎርሱኝ ሲቃረቡ "እኔ ግን" ብዬ ስለ ፊልሙ አንዲት ነገር ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር። ጉርሻው የሁለት ሰው ነበርና ለረጅም ጊዜ ምንም አስተያየት ሳልሰጥ ቀረሁ።