አስተርጓሚው ባሌና የሹፈን ፈተና

ባለቤቴ አዛርያስ በሥራ ቀን እዚህ በፈረንጅ አገር፣ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። እዚያ ስሙን አሟልቶ የሚጠራው የለም፤ "አዝ" ይሉታል። እሁድ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ነበር። ከፈረንጆቹ በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ፣ መድረኩ ላይ፣ ከፓስተር ኬቨን ጎን ቆሞ የፓስተሩን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ፓስተር ኬቨን አዳራሹን ያከራየን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ለእኛ ይሰብካል። ያን ቀን አዛርያስ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። እኔ ልተኩስልህ ብለው እሺ አይልም።

ፓስተሩ አንድ ነገር ሲናገር አዛርያስ ሦስት አራት ያደርገዋል። ሰው ግን ያንን የአማርኛ ስፋት ነው ብሎ ያስብ ነበር። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሼ ገብረጻድቃን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ይሄ ፈረንጅ እኮ ቅባት አለው!" ይሉ ነበር። ከአገልግሎት በኋላ ሰዎች ፓስተሩን ጨብጠው ወደ አዛርያስ ይዞራሉ። የመንግሥት ደብዳቤ የመጣበት ደብዳቤውን፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ቀጠሮውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ነኝ። እናቴ ታመመች፣ ታናናሾቼን የሚያሳድግ አልነበረም፣ ቀረሁ። አዛርያስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበር። እንግሊዝኛውንም ያመጣው ከዚያው ነው። ከሱ ጎን ስቆም ያልተማረች ሴት መሆኔ ይረሳኝ ነበር ብል አልዋሽም።

በዘጠና ስድስት፣ በፈረንጆቹ ነው፣ እዚያው ዌሪቢ አበባ ጎመን የሚታሸግበት ቦታ ሹፈን ከምትባል ቻይናዊት ጋር እሠራ ነበር። ባሏ ለትምህርት መጥቶ እሷ ተከትላው የመጣች ናት። የሱ ትምህርት ሲያልቅ አገሯ ተመልሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር ትፈልጋለች። ለዚያ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አለ። የትኛውንም ትምህርት ብትመርጪ እንግሊዝኛውን ካላለፍሽ አትገቢም አለችኝ። አንድ ጊዜ ተፈትና በእንግሊዝኛው ወድቃለች። እንግሊዝኛ የሚነገርበት አገር ስመጣ ይሻለኛል ብላ ነበር። ማሸጊያው ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ የምንውለው ከአበባ ጎመንና ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ነው።

ሁለታችንም ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ስለምንኖር በሷ አሮጌ መኪና እንሄዳለን። እሷ ስትነዳ እኔ ካርዶቿን እይዛለሁ። በአንድ ፊታቸው እንግሊዝኛ ቃል፣ በሌላው ቻይንኛ ተጽፎባቸዋል። እንግሊዝኛውን እንደምንም ፊደሉን እያያዝኩ አነብላታለሁ፤ እሷ ትርጉሙን በቻይንኛ ትላለች፤ እኔ "ጉድ! ጉድ!" እላለሁ።

አንድ ቀን ሳቀችብኝ። "ቻይንኛ አታውቂም። ልክ መሆኔን በምን አወቅሽ?"

"ቶሎ ስትመልሺ ልክ ነሽ፣ ስትዘገዪ ተሳስተሻል።"

በጣም ሳቀች። ቀጥላ ግን ቃሉን አውቀዋለሁ፣ የሚጥለኝ ንባቡ ነው አለችኝ። አንድ ጽሑፍ ይሰጣል፣ ከሥሩ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት መልስ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አራቱም ልክ ይመስላሉ። የሚያስረዳኝ ሰው የለም አለች።

"ባሌ አለ አይደለም እንዴ!" አልኳት። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩን የሚያስተረጉም እሱ ነው።" ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ማለቱን ራሴም ሰማሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት መንደሪን በፌስታል ይዛ መጣች። አዛርያስ የእሁዱን ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። ሻይና ዳቦ አቀረብኩ። "ቲቸር" አለችው ገና ስትገባ። ደስ አለው። አንገቱ ሲቃና አየሁት።

ቃላቱ ላይ ጥሩ ሄዱ። የማያውቀውም ሲገጥመው ከጎኑ ካሉት ቃላት እየገመተ ያስረዳታል፣ እሷም ትጽፋለች። ከዚያ የንባቡን መጽሐፍ አወጣች። ጽሑፉን እሷ ጮክ ብላ አነበበች፣ እሱ ደግሞ ለእኔ በአማርኛ እየነገረኝ ሄደ። ሰዎች ለተቸገረ ለምን ይሰጣሉ የሚል ነው። ጥያቄው፣ እንደ ጸሐፊው አባባል ሰዎች የሚሰጡት ለምንድን ነው ይላል።

"ኤ" አለ አዛርያስ ሳያመነታ። "ከርኅራኄ የተነሣ።"

ሹፈን የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጣ አየች። "መልሱ ሲ ነው ይላል። ሌላ ሰው ስለሚያያቸው።"

"የመልሱ ገጽ ተሳስቷል" አላት። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "የኮሚኒስት መጽሐፍ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" አለኝ። ሳቅኩለት።

ሁለተኛው ጽሑፍ የፍራፍሬ እርሻ ስላለው ሽማግሌ ነው። ልጁ ከተማ ገባ፣ ሽማግሌው እርሻውን ሸጠ። ምን ተሰማው? አዛርያስ "መሪር ሐዘን" የሚለውን መረጠ። መጽሐፉ "እፎይታ" ይላል።

"ልጁ ጥሎት የሄደ አባት እንዴት እፎይ ይላል?" አለ አዛርያስ። "አባት አይደለም?"

ሹፈን መጽሐፉን ወደሱ አዞረች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ በጣም በቀስታ፣ "ቲቸር፣ ሐዘን የሚለው የት ላይ ነው?" አለችው።

ጎንበስ ብሎ ፈለገ። እኔም ከሱ ጋር ጎንበስ አልኩ፣ ምን ልረዳው እንደሆነ እንጃ። አላገኘውም። ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ ሆነ። ልቡ ልክ ነው ያለውን ይመርጣል፣ እሷ "የት ላይ ነው?" ትላለች፣ እሱ ይፈልጋል። ጣቷ አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ ቁጭ ይላል። ግንባሩ ማላብ ጀመረ።

ልጃችን ያኔት ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን ታያለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ብናናግራትም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ "ዳድ፣ እንደዚያ አይልም እኮ። ከራስህ እየፈጠርክ ነው። ልክ እንደ ቸርች" አለች።

"እንደ ቸርች" ያለችው ለእኔም ገባኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?" አላት።

አሁን ዞር አለች። ክፋት አልነበራትም፣ የሚያውቀውን ነገር የነገረችው መስሏት ነው። "ፓስተር ኬቨን ስለ ክሪኬት ጨዋታ ሲያወራ አንተ ስለ ዳዊትና ጎልያድ ትላለህ። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ከኋላ የምንስቀው ለዚያ ነው።"

የኋላው ወንበር ላይ የሚስቁትን ልጆች እኛ እናቶች ስንት ጊዜ ቆንጥጠናል። እኔም እሷን ቆንጥጫታለሁ፣ በጌታ ቤት ይሳቃል ወይ ብዬ።

ሹፈን እንግሊዝኛውን ሰምታለች። የሻይ ስኒዋ ውስጥ አየች። ከዚያ መጽሐፏን ዘጋች፣ "ዛሬ ብዙ ተማርኩ፣ ቲቸር፣ በጣም ጥሩ" አለች። ያ "በጣም ጥሩ" ከሁሉም ባሰ። እስከ በሩ ስሸኛት ፊቷን ማየት አቃተኝ፤ መንደሪኑንም አመሰግናለሁ ሳልላት ቀረሁ።

ስመለስ አዛርያስ ያኔት ፊት ቆሟል። "ሁልጊዜ ነው?" ይላታል።

"ሁልጊዜ አይደለም" አለችው። ትንሽ አሰበችና፣ "አብዛኛውን ጊዜ" አለች።

"ፈጥኖ ያወራል" አለ አዛርያስ ለእኔ። "አንዱ ሲያመልጠኝ ሌላውን ይጀምራል። ሰው ሁሉ አፌን እያየ ዝም ልበል?" ወደ ጓሮ ወጣ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሞ ቆየ።

ሰኞ መኪና ውስጥ ሹፈን ካርዶቹን አልሰጠችኝም። "የኔ ጥፋት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ አዛርያስ ከመኝታ ቤት አልወጣም፤ ያኔት አብራት ተቀመጠች። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ሁለቱ "የት ላይ ነው?" "እዚህ ላይ!" ሲባባሉ እሰማ ነበር። አዛርያስም ከግድግዳው ማዶ ይሰማል።

በዚያው ምሽት ለጋሼ ገብረጻድቃን ስልክ ደወለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጋሼ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ሁሉም ይሰማል።

"ጋሼ፣ ለነገው ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

"ምነው? አመመህ?"

"አላመመኝም። እንግሊዝኛዬ አይበቃም። የሚለውን በሙሉ አልሰማውም፣ ጋሼ። ከራሴ ነው የምጨምረው።"

ጋሼም፣ "አየህ፣ ይሄ ነው ትሕትና ማለት!" አሉ። "የተማረው ሁሉ ሲኮራ አንተ ራስህን ዝቅ አደረግህ። ጌታ ይባርክህ። በዘጠኝ ሰዓት እንዳትዘገይ።" ዘጉት።

አዛርያስ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። "ነገርኳቸው አይደል?" አለኝ። "ነግረሃቸዋል" አልኩት። ያን ጊዜ ነገ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። ከመድረኩ ሊያወርዱት ካልፈለጉ፣ ወይ እንደ ድሮው ልጆቹ እየሳቁበት ይቀጥላል፣ ወይ ያልገባውን አልገባኝም ይላል። እንደ ድሮው ቢቀጥልልኝ ብዬ ተመኘሁ። ይህን መመኘቴ ያሳፍረኛል፤ ግን ተመኘሁ።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፓስተር ኬቨን ጀመረ። መኪና ዘይቱ በየጊዜው ካልተቀየረ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል አለ፤ አዛርያስም ያንኑ ብቻ አለ። ሰው ቀና ብሎ ጠበቀ፤ ከዘይቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ያለ መስሎት ነው። አልመጣም። ፓስተሩ ፈጠን ብሎ ሌላ ተናገረ፣ ራሱም ሳቀ። አዛርያስ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ ፓስተሩን አየ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ "ይቅርታ፣ ይሄኛው አልገባኝም" አለ። ወደ ፓስተሩ ዞሮ እንዲደግምለት ጠየቀው። ፓስተሩ ደነገጠ፤ አንድም ቀን አስቁሞት አያውቅማ። ደገመለት። አዛርያስ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። "አልገባኝም፤ እንለፈው" አለን።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ነፋስ አለፈ። ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ ሎሚ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ "ምነው፣ ወንድም አዛርያስ አሞታል እንዴ?" አሉ። ከኋላ ማንም ልጅ አልሳቀም። ዞር ብዬ አየሁ፤ ያኔት ጉልበቷ ላይ አጎንብሳለች። ስብከቱ እንደዚያ እየቆመ እየሄደ፣ ከወትሮው በግማሹ አለቀ። አሜን የሚለውም ጥቂት ሰው ነበር።

ሻይ ላይ ማንም ደብዳቤ ይዞ አልመጣም። እትዬ ሎሚ እጄን ይዘው "በጸሎት እናስበዋለን" አሉኝ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው። ጋሼ ገብረጻድቃን አዛርያስን ወደ ጎን ጠርተው፣ "ደክሞሃል ልጄ" አሉት። "ትንሽ ብታርፍ። ሄርሞን እዚህ ነው የተማረችው፣ ነርስም ናት፤ የሚቀጥለውን ወር እሷ ትሞክረው።"

"እሺ ጋሼ" አለ።

እኔ ልናገር ነበር። ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ ነው በትክክል ያስተረጎመው ልላቸው ነበር። ይህን ካልኩ ግን ከዚያ በፊት ያለቀሱበት ሁሉ ምን እንደነበረ ሊጠይቁኝ ነው። የሻይ ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ያኔት ከኋላ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰክታ ነበር።

"ሰውዬው ስብከት አይችልም ለካ" አልኩ በመጨረሻ።

ሊስቅ ምንም አልቀረው። "አይችልም" አለ።

ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ፓስተሩ አንዲት ሴት አለች ብሎ ነበር፤ ማለዳ ወጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየሠራች እጇ የሚሰነጠቅ። ባሏ እጇን ያያል፣ ልቡም ይቆስላል፣ ግን የሚናገርበት አፍ የለውም፤ ጌታ ግን ሁለቱንም ያያቸዋል ብሎ ነበር። እኔ በሰው መሐል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ይሄ ፈረንጅ ስለ እኔ በምን አወቀ ብዬ ነበር።

"አዛርያስ" አልኩት። "ያ እጇ ስለተሰነጠቀው ሴት… ያንን ፓስተሩ ነው ያለው?"

መብራቱ ቀይ ነበርና ቆመ። አረንጓዴ ሲሆን ማርሽ አስገብቶ ነዳ።

"ስለ ውሻው ነበር ያወራው" አለ።

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ውሻው። አርጅቶ ደረጃ መውጣት አቃተው አለ። ሌላውን አልሰማሁትም።"

እጆቼን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። ፊቴ ጋለ። ጉባኤው ፊት ስለ ውሻ ያለቀስኩ ሴት ነኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣብኝ፤ ባሌ ያንን ያህል ቃል ነበረው፣ ለእኔ ለመናገር ግን ማይክሮፎንና ፈረንጅ ያስፈልገው ነበር። አሁን ሁለቱም የሉትም።

አፉን ከፈተ። ሊል የፈለገው ነገር እንዳለ አንገቱ ላይ ታየኝ። ብሬብሩክ ገብተን መኪናውን በራችን ላይ እስኪያቆም ጠበቅኩት። አልወጣውም። እኔም ተናገር አላልኩትም፤ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።